ወረቀት ሳይኖራቸው መንገድ ላይ ላሉ የወሎ ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ባቲና መርሳ ላይ ማመልከቻ ስጽፍላቸው ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

ስደተኛ፣ ፍልሰተኛ፣ ተፈናቃይ... ልዩነቱ ምንድን ነው? ለእኔስ ምን ይጠቅመኛል?

በሰፈር ወሬ ሁሉም «ስደተኛ» ነው። ቢሮ ሲገባ ግን ስሙ ይለያያል፤ የሚንኳኳውም በር ይለያያል። ለሕይወቱ ፈርቶ ድንበር ተሻግሮ የተጠለለ ሰው ስደተኛ ይባላል። ጥበቃ የሚጠይቀው ከተጠለለበት አገር መንግሥትና ዩኤንኤችሲአር ከሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ነው። ሥራ ፍለጋ የወጣው ፍልሰተኛ ነው። እሱን በአብዛኛው የሚረዳው አይኦኤም፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ነው። ቤቱን ጥሎ ከአገሩ ያልወጣው ደግሞ ተፈናቃይ ይባላል። ሐይቅ አጠገብ ጃሪ መጠለያ ያያችኋቸው ከወለጋ የመጡ ወገኖቻችን እንዲህ ናቸው።

አንድ ልጅ ግን ስደተኛም ፍልሰተኛም ሊሆን ይችላል። በ2014 ጦርነት ቤቱ የተዘረፈበት፣ ወንድሙ የሞተበት ልጅ የመን ላይ «ለምን ወጣህ?» ሲባል «ሥራ ፍለጋ» ብሎ ዝም ይላል። ወደ አገሩ ቢመለስ የሚያስፈራው ነገር ካለ ሳያፍር፣ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ ሁሉንም ይናገር። ያልሆነውን «ሆኗል» ማለት ግን ኋላ እውነቱን ሲናገርም የሚያምነው ያሳጣዋል።

በየመን የሚሄደው መንገድ እውነት እንደሚባለው ክፉ ነው?

አዎ። ከኮምቦልቻ በባቲ ይወረዳል። በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይገባል። ከዚያ በረሃውን አቋርጦ በታጁራ በኩል ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። የመንን ከታች እስከ ላይ አቋርጦ ሰዓዳ፣ ከሰዓዳ የሳውዲዋ ጂዛን ድንበር። ውኃ ጥሙ ገና ጅቡቲ ሳይጨርሱ ይጀምራል። በ2016 መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ ጅቡቲ ጠረፍ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው በአስር የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ሞቱ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ደግሞ የመን፣ አብየን ጠረፍ ላይ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ90 በላይ ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

የብስም ቢሆን አያስተማምንም። የካቲት 28 ቀን 2013 ሰነዓ ውስጥ ፍልሰተኞች በታጎሩበት እስር ቤት እሳት ተነስቶ ብዙዎች ተቃጠሉ። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ሰዓዳ ያለው የፍልሰተኞች ማቆያ በአየር ተመትቶ በአስር የሚቆጠሩ ሞቱ። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ድንበር ላይ ገድለዋል ብሏል። የሳውዲ መንግሥት ክሱን አልተቀበለም። ይህን የምደረድረው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ደላላው «ሦስት ቀን ነው፣ ጀልባው ትልቅ ነው» ስለሚላቸው ነው።

ወረቀት የሌለው ሰው መብት አለው እንዴ?

አለው። ፓስፖርት ወይም ኢቃማ፣ ማለትም የሳውዲ የመኖሪያ ወረቀት፣ አለመኖሩ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ያለ ፈቃድ የገባን ሰው አንድ አገር ሊያስረው፣ ሊያስወጣው ይችላል። ሊገርፈው፣ ሊያስርበው፣ ታሞ ሕክምና ሊከለክለው ግን አይችልም። የታሰረ የውጭ ዜጋ የአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር እያንዳንዱ ልጅ በዓረብኛ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ጥገኝነት በሚባለው ላይ ግን አገሮቹ ይለያያሉ። ጅቡቲና የመን በፈረንጆች 1951 የወጣውን የስደተኞች ስምምነት የተቀበሉ ናቸው። ሳውዲ አልተቀበለችም። ስለዚህ «ሳውዲ ስደርስ ጥገኝነት እጠይቃለሁ» ብሎ የተነሳ ልጅ፣ ያሰበውን እዚያ አያገኝም።

ነፃ ዕርዳታ የት ይገኛል?

ከወሎ ለወጣ ሰው ቅርቡ ሰመራ ነው። አይኦኤም የፍልሰተኞች ምላሽ መስጫ ማዕከል አለው። ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ ኦቦክ ላይ፣ ጀልባ ከሚሳፈሩበት ጠረፍ ብዙም ሳይርቅ ሌላ ማዕከል አለ። የመን ከገባ ኤደን አለ። በእነዚህ ቦታዎች ምግብ፣ ሕክምናና መረጃ ይሰጣል። መመለስ የሚፈልገውን መዝግበው በፈቃዱ ይመልሱታል። ወረፋው ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ልጁ ይህን ካላወቀ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። ስልክ ሲደውል «አብሽር፣ ቆይ፣ ጠብቅ» የምትሉት እናንተ ናችሁ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ምዝገባውም፣ ፎርሙም፣ የመመለሻ ትራንስፖርቱም ነፃ ነው። «ስምህን አይኦኤም ዝርዝር ላይ አስገባልሃለሁ፣ ይህን ያህል ብር አምጣ» የሚል ሰው ውሸቱን ነው። ደሴ ውስጥም እንዲህ ተብለው የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ።

አገር ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ደሴ ቅርንጫፍ አለ። የጠፋ ሰው ያፈላልጋል፤ ግንኙነት ለተቋረጠ ቤተሰብ መልእክት ያደርሳል። ለሕግ ጉዳይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጠበቃ መቅጠር የማይችል ሰው ማመልከቻና ክስ ያጽፍበታል። ገጠር ላላችሁ መጀመሪያ ወረዳችሁ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

በሕጋዊ መንገድ መሄድ ምን ይጠይቃል?

18 ዓመት መሙላት፣ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የሙያ ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ። ምዝገባው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል በኮምፒውተር ነው። የ2008ቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የመድን ክፍያውን አሠሪው ላይ ነው የጣለው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ ምርመራና የልደት ወረቀት ያሉትን ነው። ኤጀንሲ ነኝ ያለ ሰው «ለትኬት» ብሎ ከጠየቀ፣ ፈቃዱን አሳየኝ በሉት። እሱን ሳያሳይ አትክፈሉ።

በዑምራ ቪዛ ሄዶ መቅረትንም የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ቪዛው ሲያበቃ ሰውየው ልክ በየመን እንደገባው ነው የሚታየው። ይታሰራል፣ ይቀጣል፣ አሻራ ሰጥቶ ይባረራል። ኋላ በሕጋዊ ቪዛ ልሂድ ቢል ያ አሻራ ይይዘዋል።

ልጃችን የመን ታግቷል። ገንዘብ አምጡ እያሉ ነው። እንላክ ወይስ አንላክ?

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። በስልክ ዱላው ይሰማል። ልጁ ይጮሃል። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ የባንክ ቁጥር ይነግራል። እናት በሬ ሸጠው፣ መሬት አከራይተው፣ መስጊድ ደጃፍ ቆመው ይለምናሉ። «አትላኩ» የሚል ሰው ያንን ድምፅ አልሰማም። እኔ አትላኩ አልልም። ውሳኔው የቤተሰብ ነው። ከመላካችሁ በፊት ግን የምታደርጉት ነገር አለ።

መጀመሪያ ልጁ መሆኑን አረጋግጡ። እሱ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁት፦ የላሟን ስም፣ አያቱ የት እንደተቀበሩ፣ ከየትኛው ዛፍ ወድቆ እጁ እንደተሰበረ። ስሙንና የአባቱን ስም ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አይተው የሚደውሉ አጭበርባሪዎች አሉ። ሁለተኛ፣ የተደወለበትን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ስልኩ የሚቀዳ ከሆነ ቅዱት። ሦስተኛ፣ ሂሳብ ቁጥሩን ከነባለቤቱ ስም ያዙ። ባንክ ስታስገቡ የሚሰጣችሁን ደረሰኝ በፍጹም አትጣሉት። ሂሳቡ ብዙ ጊዜ የየመን አይደለም። እዚሁ አገር ባንክ ውስጥ፣ እዚሁ አገር ባለ ሰው ስም የተከፈተ ነው። የወንጀሉ ጭራ የሚያዘው እዚያ ላይ ነው።

አንዲት የኩታበር እናት አሉ። ወደ እኔ ሲመጡ የሰማያዊ ፌስታል ቋጠሮ ፈቱ። ውስጡ ሰባት የባንክ ደረሰኝ አለ። ሁለቱ ላብ ነክቷቸው ቀለማቸው ጠፍቷል። «ልጄ፣ ይኸ ወረቀት ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል?» አሉኝ። ከሰባቱ አምስቱ የገቡት በአንድ ሰው ስም ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ መርማሪው ከሌላው ሁሉ በፊት ያነሳው እነዚያን ወረቀቶች ነው። ደረሰኝ ስትቀበሉ ወዲያው በስልክ ፎቶ አንሱት። የደረሰኝ ቀለም ቶሎ ይለቃል።

ገንዘቡ በመዋጮ ከሆነ በቅሬው (በዕድሩ) ወይም በመስጊዱ ሦስት ሰው ተመርጦ በጽሑፍ ይያዝ። የልጁን የተጎዳ ፎቶ ከባንክ ቁጥር ጋር ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። ሌላ ሰው ፎቶውን ወስዶ የራሱን ቁጥር ይጽፍበታል። አጋቾቹም «ይህ ቤተሰብ ብር አግኝቷል» ብለው ዋጋ ይጨምራሉ። አንዴ ከፍላችሁ ደግመው ከጠየቁ ብቻችሁን አትቀመጡ። ለፖሊስ ያላመለከታችሁ ቢሆን እንኳ ያን ቀን አመልክቱ።

ለደላላ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ካመለከትኩ እኔም አልከሰስም?

ይህ ፍርሃት ብዙ ቤት አፉን ዘግቷል። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ይቀጣል። ዒላማው ለጥቅም ብሎ ሰው የሚያሻግረው፣ የሚያግተው፣ የሚያጓጉዘው ነው። የተነገደበትን ልጅ ተበዳይ ነው ይለዋል። ልጇን ለማስለቀቅ ብር የላከች እናትም በደል የደረሰባት ናት።

በሰው የነገደ ከ7 እስከ 12 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር ይቀጣል። ተበዳዩ ሴት ወይም ሕፃን ከሆነ ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት፣ ገንዘቡም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ጓደኞቹን አሰባስቦ ለደላላ ያስረከበና በነፍስ ወከፍ ብር የተቀበለ ልጅ «እኔም ተሳፋሪ ነበርኩ» ብሎ ላያመልጥ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ያለ ሰው ፖሊስ ጋ ከመሄዱ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር።

ሽማግሌ ገብቶ ደላላው ብሩን ቢመልስልን ክሱ ይቀራል?

አይቀርም። ይህ በግል አቤቱታ ብቻ የሚከሰስ ወንጀል አይደለም። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። እናንተ ታርቃችሁ ብትወጡም መዝገቡ ይቀጥላል። የወሎ ሽምግልና ብዙ ደም አድርቋል፣ አከብረዋለሁ። እዚህ ላይ ግን አንድ ቤተሰብ ብሩን ተቀብሎ ዝም ሲል፣ ደላላው በሚቀጥለው ማክሰኞ ገበያ የሌላ ቤት ልጅ ይመለምላል።

ብራችሁን ማስመለስና ካሳ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምራችሁ ወይም ለብቻው በፍትሐ ብሔር ትጠይቃላችሁ። ደላላው ጎረቤት ሆኖ የምትፈሩ ከሆነ፣ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ጥበቃ እንደምትፈልጉ ቃል ከመስጠታችሁ በፊት ለመርማሪው ንገሩት። ከሰጣችሁ በኋላ ማስታወስ ብዙ አይጠቅምም።

ወንድሜ ሳውዲ ተይዟል። ማን ጋ ልሂድ?

የት እንደተያዘ መጀመሪያ እወቁ። ጂዛን በኩል ድንበር ላይ ነው ወይስ ጅዳ አጠገብ ሹሜሲ ማቆያ? ወይስ ሪያድ? ለጅዳና ለአካባቢው ኃላፊው በጅዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ነው። ለሪያድ ደግሞ ኤምባሲው ነው። ፓስፖርት ለሌለው ሰው ሊሴ ፓሴ የሚባለውን የአንድ ጉዞ የይለፍ ወረቀት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። እሱ ከሌለ አይሳፈርም።

እናንተ ከዚህ የምትልኩት ትክክለኛ መረጃ ነው። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የቀበሌ መታወቂያ ወይም የፋይዳ ቅጂ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበት ቀንና ቁጥር። ብዙ ልጆች ሲያዙ ፈርተው የውሸት ስም ይናገራሉ። ከዚያ ቤተሰብ በእውነተኛው ስም ሲፈልግ ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። በስልክ ካገኛችሁት «በምን ስም ተመዘገብክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለቱንም ስም ጻፉ።

አገሪቱ በጅምላ የምታስወጣበት ጊዜም አለ። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን ተመልሰዋል። በ2014ም መንግሥት ከ100 ሺህ በላይ ሰው ለመመለስ ተስማምቶ በረራ ተጀምሮ ነበር። እንዲህ ሲሆን ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለታመሙ ነው። ወንድማችሁ ታማሚ ከሆነ በማመልከቻው የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት። ከታች አይጻፍ።

ድንበር ላይ «ይህን ዕቃ ያዝልኝ» ቢሉትስ?

አይያዝ። ጫት ለእኛ የዕለት ዕቃ ነው፤ ሳውዲ ግን እንደ አደንዛዥ ዕፅ ያየዋል። ሐሺሽ ከሆነማ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በባዶ እጁ የተያዘ ልጅ ይባረራል። ጆንያ ተሸክሞ የተያዘው የሚቀርበው በሌላ ክስ ነው።

እህቴ በኤጀንሲ ሄዳ ነበር። ከአሠሪዋ ቤት ወጣች። አሁን ሕገወጥ ሆነች?

አሠሪዋ «ጠፍታለች» ብሎ ካስመዘገበባት፣ እነሱ ሁሩብ የሚሉት፣ አዎ ኢቃማዋ ይበላሻል። ስለዚህ ከመውጣቷ በፊት ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ደውላ ብትናገር ይሻላል። ድብደባ ወይም የመደፈር አደጋ ካለ ግን ምንም አትጠብቅ፤ ትውጣ። ነፍስ ይቀድማል።

ደመወዟ ያልተከፈላት ከሆነ ኤጀንሲው እዚህ ተጠያቂ ነው። ሕጉ ኤጀንሲውንና የውጭውን አሠሪ አብረው ኃላፊ አድርጓቸዋል። ኤጀንሲው ለፈቃዱ ዋስትናም አስይዟል። የውሉን ቅጂ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ እናቷ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ወይም እሷ ፎቶ አንስታ በኢሞ ልካዋለች። ውሉን ይዛችሁ ሥራና ክህሎት ቢሮ ግቡ። ኤጀንሲው «እሷ ናት የጠፋችው» ይላችኋል። ለምን እንደወጣች የሚያሳይ የድምፅ መልእክት፣ የቁስል ፎቶ ካላችሁ አስቀምጡ።

ተመልሼ መጣሁ። ምን አገኛለሁ?

ቦሌ ላይ ምዝገባ፣ ማረፊያ፣ ምግብ፣ የመጀመሪያ ሕክምናና እስከ ቤት የሚያደርስ ትራንስፖርት ይኖራል። ለብቻቸው የመጡ ሕፃናትን ለቤተሰብ ያገናኛሉ። የተሰጣችሁን የመመለሻ ወረቀት አትጣሉት። ወረዳ ላይ «ተመላሽ ነኝ» ስትሉ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ድጋፍ፣ ሥልጠናም ይሁን መነሻ ገንዘብ፣ እንደ ዓመቱ በጀትና እንደ ፕሮጀክቱ ነው። ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ እንዲኖር ቶሎ ተመዝገቡ፤ ግን እሱን ብቻ እየጠበቃችሁ አትቀመጡ።

ሐኪም ጋ ሂዱ። ሳል ካለ የቲቢ ምርመራ አድርጉ። እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ በር ሲንኳኳ የሚያስደነግጣችሁ ከሆነ፣ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጸበሉንም፣ ዱዓውንም አትተዉ፤ ሐኪሙን ግን ጨምሩበት። መንገድ ላይ የተደፈረች ልጅ ለማንም ሳትናገር ለሐኪም ብቻ መናገር ትችላለች። ከመደፈር የተፀነሰ እርግዝና ካለ፣ ማቋረጥ ብትፈልግ የኢትዮጵያ ሕግ ይፈቅድላታል፤ ማስረጃ አምጪ አትባልም፣ ቃሏ ይበቃል። ውሳኔው የእሷ ነው። ለቤተሰብ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ «ብሩስ?» የሚለውን ጥያቄ ለመጀመሪያው ወር ተዉት።

ልጄን ሳውዲ ወለድኩት። ወረቀት የለውም። ትምህርት ቤት እንዴት ይግባ?

ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ የትም ይወለድ፣ የዜግነት አዋጁ ዜጋ ያደርገዋል። የሆስፒታል ወረቀት ወይም ሊሴ ፓሴው ላይ ስሙ ካለ እሱን ይዛችሁ ቀበሌ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሂዱ። ምንም ከሌለ ምስክር ይዛችሁ ሂዱ። አባትየው ማን እንደሆነ ባይታወቅ ወይም ባይገኝ እንኳ እናት ማስመዝገብ ትችላለች። ምዝገባው እስኪያልቅ ልጁ ቤት አይዋል። ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩት፣ አማርኛ ባይችልም ክፍል ውስጥ ይልመድ። ከሳውዲ የመጡ ልጆች አማርኛውን ከእናንተ ይልቅ ከእኩዮቻቸው በፍጥነት ይለምዱታል።

ባሌ በባሕር ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው። ድምፁ የለም። አግብቻለሁ ወይስ አላገባሁም? መሬቱስ?

ስንት ሴት ይህን ስትጠይቀኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። የምታፍሪበት ነገር የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መልስ አለው። ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው «መጥፋቱ ይታወጅልኝ» ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ ይመረምራል፣ ማስታወቂያ ያስነግራል። ውሳኔው የመጨረሻ ሲሆን ጋብቻው ይፈርሳል። ንብረቱን ወራሾች፣ ፍርድ ቤቱ በሚያዘው ጥንቃቄ፣ መረከብ ይችላሉ። የመጨረሻ ጥሪውን ቀን፣ አብረውት የተሳፈሩትን ስም፣ ቀይ መስቀል የሰጣችሁን የፍለጋ ወረቀት አያይዙ። የቀበሌ ደብዳቤ ብቻውን ፍርድ አይሆንም።

በሸሪዓ ፍርድ ቤት መጨረስ የምትፈልጉም አላችሁ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ባልየው ጠፍቶ ባለበት ፈቃዱ ከየት ይመጣል? ስለዚህ መጀመሪያ ቃዲውን አነጋግሩ፣ ግን በመደበኛው ፍርድ ቤት በኩል ያለውን መንገድ አትዝጉ። መሬቱን እስከዚያ በቃል ለማንም አታከራዩ። በጽሑፍ ተዋዋሉ፣ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። የባል ወንድም «ቤተሰብ አይደለን እንዴ» ቢል እንኳ።

«ሞቷል» ብለው ደወሉልን። ለቅሶ እንቀመጥ?

ማን ደወለ? ራሱ አይቷል ወይስ ከሌላ ሰምቶ ነው? የሟቹን ሙሉ ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የሰፈሩን ስም ነግሯችኋል? መንገድ ላይ ስም ይመሳሰላል። መሐመድ አሊ ሲባል ስንት መሐመድ አሊ አለ። የወረባቦ አንድ ቤት ለቅሶ ተቀምጦ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ቅሬው ቡናውን አፍልቶ ሰደቃው ሁሉ ወጣ። ከዓመት በኋላ ልጁ ከእስር ቤት ደወለ። እናትየው ስልኩን ጣሉት። ለሁለት ቀን መልሰው አላነሱትም።

ሳውዲ ውስጥ ከሆነ ቆንስላውን ጠይቁ። የሞት ማስረጃ ከዚያ ይወጣል። አስከሬኑ እንዲመጣ ወይም እዚያው እንዲቀበር ቤተሰብ ውክልና ይሰጣል። ውክልናው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ባሕር ላይ ወይም የመን በረሃ ከሆነ ብዙ ጊዜ አስከሬን የለም። አብረውት የነበሩ ልጆች ያዩትን በጽሑፍ ይስጡ፣ ስልካቸውንም ያዙ። ከዚያ የቀይ መስቀል ፍለጋ ክፈቱ።

ለቅሶውን እናንተ ወስኑ። ስትቀመጡም ግን የፍለጋውን ወረቀት አትቅደዱት፤ ቁጥሩንም አትቀይሩ። የሚያውቀው ያንን አንድ ቁጥር ብቻ ነው።